ከምርጊቱ ሥር ያለው ገመድ

ቡታጅራ ውስጥ እኔን ለሥራ የሚጠራ ሰው ጭቅጭቄም አብሮ እንደሚመጣ ያውቃል። በር ልበይድ ሄጄ መጀመሪያ የማየው ቆጣሪውን ነው። ፊውዙ ላይ ሽቦ ታስሮ ካየሁ ማሽኔን ከባጃጅ ሳላወርድ እጀምራለሁ። «ፍሪጃችን ትንሽ ይነዝራል እንጂ ደህና ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ይነዝራል ማለት ኤሌክትሪኩ መውጣት በማይገባው ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። እኛ ግን የቤቱ ጠባይ አድርገን እንለምደዋለን። ጫማ አድርገን እንነካዋለን፣ በእጃችን ጀርባ እንነካዋለን፣ እንግዳ ሲመጣ «እሱን በባዶ እግርህ እንዳትነካው» ብለን እናስጠነቅቅና ምሳችንን እንበላለን። ደንበኞቼ ነገረኛ ነው ይሉኛል። ይበሉኝ። ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣሁት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አሁን ልጽፈው ነው።

እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። የተወለድነው ከቡኢ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ፣ እናቴ እርሻውን ስትይዝ እኔን የያዘችኝ እህቴ ነበረች። አጥባ፣ አብልታ፣ ገርፋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አግብታ ቡታጅራ ስትገባም ጥላኝ አልሄደችም። ባሏ የሒሳብ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ከክፍል ውጭ የማይሰማ ሰው። ሲያገባ የሚስቱ ወንድም የብየዳ ማሽን ይዞ ጓሮው ላይ እንደሚተከልበት ማንም አልነገረውም። አንድ ቀን ግን ፊቱን አላጠቆረብኝም። «ጋሼ» እለዋለሁ። የብየዳዬ ጭስ የፈተና ወረቀት የሚያርምበት ጠረጴዛ ድረስ ሲመጣበት መስኮቱን ይዘጋና ማረሙን ይቀጥላል።

ማሽኑ ከፋብሪካ የወጣ አልነበረም። አንድ ሙያተኛ መዳብ ጠቅልሎ የሠራው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ከባድ ሣጥን ነው። ኤሌክትሮዱን ብረት ላይ ጫር ሳደርግ የሰፈሩ አምፖል ይደበዝዛል። የጎረቤታችን ቴሌቪዥን እስከነጭራሹ ይጠፋል፤ ሰውየው ኳስ ወዳድ ስለነበር በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «አንተ በያጅ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ነው፣ ሁለት ደቂቃ ታገሠን» ይለኝ ነበር። እታገሣለሁ። ግቡ ሲገባ ጩኸታቸውን ሰምቼ እቀጥላለሁ።

ያስቸገረኝ ፊውዙ ነበር። ማሽኑ ብዙ ስለሚስብ በየቀኑ ይቃጠላል፤ እሱ ሲቃጠል ቤቱ ይጨልማል፣ እኔም ሥራ እፈታለሁ። አንድ ቀን ሰለቸኝና ከቁራጭ ገመድ ላይ የመዳብ ክሮች መዝዤ፣ ገመድ እስኪመስሉ ጠምዝዤ በፊውዙ ቦታ አሰርኳቸው። ከዚያ ወዲያ የተቃጠለ ነገር የለም። አንድ ችግር የፈታሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። የፊውዝ ሥራው መቃጠል መሆኑን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ሙያ ስማር ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ።

በዚያ ክረምት ጓሮ የያዝኩት ሥራ የደንበኛ አልነበረም፣ የእህቴ ነው። ገበያ በርበሬ ትነግዳለች። ጆንያውን አንዳንዴ በጋሪ፣ ጋሪ ሲጠፋ በጀርባዋ ታመላልሰዋለች። ሳትደገፍ ከመቀመጫዋ መነሣት እያቃታት ነበር። ስለዚህ መንገድ ላይ ተገልብጦ ባለቤቱ ተስፋ የቆረጠበት ባጃጅ አገኘሁና ገፍቼ ጓሮ አስገባሁት። የኋላ ወንበሩን ቆርጬ ጣልኩ። ሻንሲውን፣ የታችኛውን አካሉን፣ በቱቦላሬ ብረት አስረዘምኩት። በላዩ ላይ ዝናብ የማያስገባ የላሜራ ሣጥን ልሠራለት ጀመርኩ። ለመስቀል ይደርሳል ብዬ ቃል ገባሁላት፤ በዓሉን እናታችን ዘንድ ለመዋል ሦስታችንም በእሱ ልንሄድ ተስማማን። አንድ ቀን ገና ጣሪያ ያልወጣለት ሣጥን ውስጥ ገብታ ቁጭ አለችና «እኔም እንደ ጆንያው ልጫን ነው?» እያለች ስትስቅ ጋሼ በመስኮት አይቷት እሱም ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክማኝ፣ አንድ ጊዜ እኔ የምሸከማት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሠራው።

ቆጣሪው ያለው ከቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ባጃጁ ከኋላ። ገመዴ አልደርስ ሲለኝ ከሌላ ገመድ ጋር ቀጠልኩት። የተቀጠለበትን ቦታ የምጠቀልልበት ቴፕ አልቆብኝ ነበር። ሱቁ ከበራችን ላይ ይታያል። ጠርቼ እንኳ ቢሆን ያቀብሉኝ ነበር። እኔ ግን መሬት ላይ ያገኘሁትን ፌስታል ቀድጄ ጠቀለልኩበትና ነገ በቴፕ አደርገዋለሁ አልኩ። ከዚያ ገመዱን ሳሎኑ ውስጥ በግድግዳው ላይ በምስማር እየያዝኩ ወደ ጓሮው በር ወሰድኩት። ፌስታሉ ያለበት ቦታ ከበሩ አጠገብ፣ በጉልበት ቁመት ላይ ዋለ። በነጋታው ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ በኋላ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት እያየሁት ቆየ።

የእኛ አገር ሴት ቤቷን ሳታድስ መስቀልን አትቀበልም። የተሰነጠቀው ግድግዳ በጭቃ ይመረጋል፤ እሱ ጠንከር ሲል በደቃቅ አፈር ይለሰናል፤ ወለሉም ይለቀለቃል። ከተማ መግባት ይህን አያስቀርም፣ በተለይ ቤቱ እንደ እህቴ የጭቃ ቤት ከሆነ። ጋሼ ለመምህራን ሥልጠና ወልቂጤ በሄደበት ሳምንት፣ እሱ ሲመለስ አምሮ እንዲቆየው ብላ ጭቃዋን ከጭድ ጋር አቡክታ ጀመረች። ገመዱ ጋ ስትደርስ ጠራችኝ።

«ይቺን ገመድህን ለሁለት ቀን አንሣልኝ እንጂ። እንዲህ ተጋድማበት ግድግዳው እንዴት ብሎ ያምራል?»

ባነሣው ሥራዬ ይቆማል። በዓሉ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ሣጥኑ ገና በር አልወጣለትም። ጥቁር መነጽሬን ከዓይኔ ሳላነሣ ነው የመለስኩላት።

«በላዩ ላይ ምረጊበት እትዬ። እንዲያውም ጭቃው ይይዘዋል፣ አይታይሽም።»

ደስ አላት። «አንዳንዴ ታስባለህ» አለችኝ። ያ በፌስታል የተጠቀለለ መቀጠያ እርጥብ ጭቃ ውስጥ የገባው እንዲህ ነው። ስትጨርስ ና እይልኝ ብላኝ ገብቼ አየሁት። እውነትም ያምር ነበር፤ ገመድ ያለበት አይመስልም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ከላይ የሚደረገውን ደቃቁን አፈር መለሰን ጀመረች። ወለሉን በማለዳ ለቅልቃው ገና አልደረቀም። እኔ ጓሮ የሣጥኑን በር ማጠፊያ እየበየድኩ ነው። የጓሮው በር ክፍት ስለነበር ድምፅዋ በደንብ ይሰማኛል።

«ግድግዳው እየነዘረኝ ነው» አለችኝ።

ፍርሃት አልነበረባትም። ወጡ ጨው በዝቶበታል እንደሚል ሰው ነበር ያለችው። እኔም በዚያው ድምፅ መለስኩ።

«ጫማ አድርጊ።»

«በተለቀለቀ ወለል ላይ ጫማ? ጤና የለህም» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነበር፤ እርጥብ ልቅላቂ ላይ በጫማ የሚገባ የለም። ለከብት እንኳ የማይፈቀድ ነገር ነው። ማሽኑን ማጥፋት፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ማየት ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ወደ ብረቴ ተመለስኩ። ሁለት ኤሌክትሮድ ጨረስኩ። ሦስተኛውን ሳነሣ ውሃ ጠማኝና ጠራኋት። ዝም አለች። ደግሜ ጠራኋት፤ አኩርፋ ይሆናል ብዬ እያጉረመረምኩ ገባሁ።

ተንበርክካ፣ ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አስጠግታ፣ አንድ እጇ እዚያው ጭቃው ላይ ነበር። ስራመድ ልቅላቂው አዳለጠኝ፤ ስይዛት እኔንም መትቶ ወረወረኝ። ተነሥቼ ወደ ቆጣሪው ሮጥኩና ያሰርኩትን መዳብ በመጥረጊያ እንጨት እየመታሁ በጠስኩት። ጠንክሮ ነበር፤ በደንብ ነበር ያሰርኩት። ኳስ ወዳዱ ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምቶ ባጃጅ ይዞ መጣ፤ ሁለታችን ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ብዙ አልቆየም። ወጥቶ ወደ እኔ ሲመጣ ጓንቱን እያወለቀ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መስማት አላስፈለገኝም።

ትክክለኛ ፊውዝ ቢኖር ያተርፋት ነበር ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ማወቅ አልችልም፤ ፊውዝ ለገመድ እንጂ ለሰው ብሎ አይቃጠልም። ቴፑ ግን ያተርፋት ነበር። ገመዱን ለሁለት ቀን ማንሣት ያተርፋት ነበር። ነዘረኝ ስትለኝ ማሽኑን አጥፍቼ ብነሣ ያተርፋት ነበር። ይህን አውቀዋለሁ።

አስከሬኗን ወደ እናታችን አገር ወሰድነው። ጋሼ ከወልቂጤ በቀጥታ ቀብሩ ላይ ደረሰ፤ የሥልጠናው ስም የተጻፈበት ቦርሳ ትከሻው ላይ እንዳለ። በማግስቱ አጎቶቼ ከድንኳኑ ጎን ለብቻ ተቀመጡ። ልጃችን ባሏ ቤት እንዴት ሞተች ብሎ መጠየቅ የወገን ደንብ ነው፤ የቁጣ አልነበረም። ጋሼንና እኔን አስጠሩን። ታላቁ አጎቴ ጭቃው ውስጥ ስለተገኘው ገመድ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ገመዱን የቀጠለው ማነው? ምረጊበት ያላትስ?»

አፌን ከፍቼ ነበር። ለራሴ መከላከያ ብዬ አይደለም የምጽፈው፣ ግን ከፍቼ ነበር። ቃሉ ሳይወጣ ጋሼ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከመሄዴ በፊት የቀጠልኩት እኔ ነኝ። ምረጊበት ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ወዲያው አመኑት። ከጠመኔ ሌላ የማያውቅ የመምህር እጅ ገመድ ሲቀጥል እንዲህ ነው የሚሆነው አሉ። እኔን የጠረጠረኝ የለም፤ ሙያተኛ ነኛ። ሙያተኛ ገመድ በፌስታል አይጠቀልልም።

እናቴ ሰማች። ሲብስባት አማርኛው ይጠፋትና በአገራችን ቋንቋ በክስታንኛ ብቻ ነው የምትናገረው፤ ያን ቀን ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ጋሼን ከድንኳኑ አስወጡት። የገዛ ሚስቱ ልቅሶ ላይ እንዳይቀመጥ ተከለከለ። ከአጥሩ ውጭ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን ቆሞ ሳየው ተከትዬው ወጣሁ።

«ለምን ጋሼ?»

«እናትህ የቀራት አንድ ልጅ ነው» አለኝ። «እኔን ብትጠላኝ ምን ይጎድልባታል? አሁን ግባና አጠገቧ ተቀመጥ።»

ገባሁ፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የመጣው ሰው ሁሉ አይዞህ ሲለኝ አሜን አልኩ። ሰው ከዚህ በላይ ሊያንስ የሚችል አይመስለኝም።

ባጃጁን ከዚያ ወዲያ መንካት አልቻልኩም። ሣጥኑ እንደተሠራ፣ በሩ በአንድ ማጠፊያ እንደተንጠለጠለ ለብረት ሰብሳቢዎች ሰጠሁት። ሲጭኑት ከቤት አልወጣሁም።

አማች ለመስቀል ወደ ሚስቱ እናት ሙክት ይዞ መሄድ ደንቡ ነው። በዓመቱ ጋሼ እንደ ደንቡ ሙክት ይዞ መጣና ከበር ቆመ። እናቴ ወደ ውጭ እንኳ አላየችም። «መልስለት» አለችኝ። በጉን እየጎተትኩ የመለስኩለት እኔ ነኝ። ገመዱን ከእጄ ተቀብሎ «ደህና ናት? ጉልበቷ ተሻላት?» ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። በቀጣዩም ዓመት ይህንኑ አደረግን፤ እሱ አመጣ፣ እኔ መለስኩ። ከዚያ ወደ ወልቂጤ ተዛወረና መምጣቱን ተወ። ሌላ ሴት አላገባም። እናቴ ስሙን በቤቷ እንዲጠራ አትፈቅድም፤ ለጎረቤት ስታወራ «ያ ልጄን የበላው» ነው የምትለው። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ልነግራት ስንት ጊዜ ተነሣሁ። አንዴ ጉልበቷ ላይ እጄን አድርጌ «እማዬ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ምነው ልጄ ብላ ስታየኝ፣ ራት ምንድነው አልኳት።

ባለፈው ዓመት መብራት የእናቴ ሰፈር ደረሰ። ደወለችልኝና ና አለችኝ። ይዤ ያልሄድኩት ዕቃ የለም፤ ብሬከሩን፣ ወፍራሙን ገመድ፣ መሬት የሚቀበረውን ብረት፣ ቴፑን ደግሞ ለአሥር ቤት የሚበቃ። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ስሠራ ታየኛለች። እያንዳንዱን መቀጠያ ሦስቴ ስጠቀልል በዓይኗ ትከታተላለች። ጥንቃቄዬ ደስ አላት።

«እነ እገሌ ሌላ ሰው አሠርተው ጨርሰዋል» አለችኝ። «እኔ ግን ያላንተ አላስነካም አልኩ። ያኔም ያ መምህር ነኝ ባይ ነገር ባያበላሽ፣ አንተ ሠርተኸው ቢሆን ልጄ ዛሬ አጠገቤ ነበረች።»

መሰላል ላይ ነበርኩ። ቴፑን እንደያዝኩ ወረድኩ። ፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ነገርኳት። የመዳቡን፣ የፌስታሉን፣ ምረጊበት ማለቴን። ጫማ አድርጊ ማለቴንም ነገርኳት። ስትስቅ የሰማኋት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻ ቃሏም ለእኔ ነው አልኳት። አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትረግመኝም ይሻለኝ ነበር። አልረገመችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሱ ያን ጊዜ የት ነበር?»

«ወልቂጤ። ምንም አያውቅም ነበር።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሚስቱን እኮ ከሰው ጋር አላለቀሰም» አለች። «ከሰው ጋር እንዳያለቅስ ከለከልኩት።» ከዚያ ተነሥታ የበዓል ነጠላዋን ከተሰቀለበት አወረደች። «ውሰደኝ» አለችኝ። ሥራውን እንዳለ ተውኩት።

ሁለት መኪና ቀይረን ወልቂጤ ገባን። መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ረዳቱ «እማማ መስኮት ልክፈትልዎ?» ሲላት ክፈትልኝ አለችው፤ ለእሱ መለሰችለት። ጋሼ የሚኖረው በረድፍ ከተሠሩ የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስለነበር ቤት ነበር። የግቢው በር ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ልክ ለቀስተኛ እንደሚለብሰው።

በሩን ሲከፍት እጁ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዟል። ፀጉሩ ሸብቷል። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብሎ ሊያነሣት ታገለና ሲያቅተው እሱም አብሯት ተንበረከከ። በእሷ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ፤ ነገርካት ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ። ዓይኔን ከእሱ ላይ አነሣሁ።

ከዚያ እናቴ ልቅሶዋን ጀመረች። በክስታንኛ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ልጇን በቁልምጫ ስሟ እየጠራች። አሁን ግን እሱንም አብራ ትጠራዋለች፣ ልጄ እያለች። ጋሼ በአሥር ዓመት ትውውቃችን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሰማሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ የት አስቀምጦት እንደነበር እንጃ።

የግቢው ሰዎች ከየክፍላቸው ወጡ። አንዲት ሴት እጇ ላይ ያለውን የሳሙና አረፋ በቀሚሷ እየጠረገች ወደ እኔ መጣች።

«ማን ሞተባቸው?»

«ሚስቱ» አልኳት።

«እኔን። መቼ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ተመልሳ ነጠላዋን ይዛ መጣች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ወንበር የያዘ ወንበሩን፣ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይዞ አንድ በአንድ ገቡና ከእናቴና ከጋሼ ጎን ተቀመጡ። ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች የመጨረሻዎቹ ደፉ ላይ ቀሩ። እኔ ከእነሱ ጀርባ፣ ደጅ ቆሜ ነበር። ግባ ያለኝ ሰው አልነበረም።